ኦዲቲና ኦቲቲ፦ በአንድ ፊደል የጠፋ ባዶ ቅጽ

ከሐረር የጻፈችልኝ አንባቢ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ቢሮዋ ኮምፒውተሮቹን ወደ ሊኑክስ ቀይሯል፣ ዎርድ የለም፣ ያለው ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ትላለች፦ «43 የዎርድ ቴምፕሌት (ባዶ ቅጽ) ነበረን። አንድ በአንድ ከፍቼ በአዲሱ ፎርማት ሴቭ አደረግኩ። በሳምንቱ ‹ለሚመለከተው ሁሉ› የሚለውን ባዶ ደብዳቤ ስከፍት የአንድ ተማሪ ስም ተጽፎበት አገኘሁት። ሁለቱ ደግሞ ፊደላቸው ተዘበራርቋል። ምን አጥፍቼ ነው?»

እኔ የምሠራው ድሬ፣ ከዚራ ነው። ድሬ አንቱታ ብዙም አይሆንላትም፣ ስለዚህ አንቺ ልበልሽ።

ያጠፋሽው አንዲት ፊደል ናት። ሴቭ ያደረግሽው ኦዲቲ (.odt) ብለሽ ነው፤ እሱ ተራ ሰነድ ነው። ቴምፕሌቱ ኦቲቲ (.ott) ነው። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ የሁለቱም ፋይል ሆዱ ሲታይ ዚፕ (ብዙ ፋይል የታጨቀበት ጥቅል) ነው፣ ውስጡ የፋይሉን ዓይነት የምትናገር አንዲት መስመር አለች፣ በኦቲቲው ላይ መጨረሻዋ «ቴምፕሌት» ይላል። በቃ። ግን ይቺ ቃል ካለች ፋይሉን ደብል ክሊክ ስታደርጊ ስም የሌለው አዲስ ሰነድ ይከፈታል፣ ዋናው አይነካም። ከሌለች የሚከፈተው ዋናው ራሱ ነው። የሥራ ባልደረባሽ የልጁን ስም ጽፎ ሴቭ ሲል ባዶው ቅጽ ሄደ።

43ቱን እንደገና አንድ በአንድ አትክፈቺ። መጀመሪያ የዎርዶቹን ኦሪጅናል ፍላሽ ላይ ገልብጪ (መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም)። ከዚያ ራይተር (የሊብሬ ኦፊስ መጻፊያ) ላይ ፋይል፣ ዊዛርድስ፣ ዶክዩመንት ኮንቨርተር። ዎርድን ምረጪ፣ ቀጥሎ በሚመጣው ገጽ ላይ ቴምፕሌት የሚለውን ምልክት አድርጊ፣ የሚነሳበትንና የሚቀመጥበትን ፎልደር አሳዪው። ሲጨርስ ቁጠሪ። 43 ገብቶ 41 ከወጣ፣ የቀሩትን ሁለቱን ብቻ በእጅ ክፈቺና «ሴቭ አዝ» ላይ ኦቲቲን ምረጪ።

አሁን ወደ ተዘበራረቀው ፊደል። ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ብዙ ዓመት ቆይቶ ሰው የሚጽፈው በአሮጌዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች፣ በፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ነበር። በእነሱ «ሀ» ብለሽ የጻፍሽው ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ። ሊኑክሱ ላይ ፎንቱ ስለሌለ ጭንብሉ ወለቀ።

መፈተኛ ልስጥሽ። አንድ የአማርኛ ቃል ጥቁር አድርጊና ፎንቱን ወደ ላቲን ፎንት ቀይሪው። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ ደህና ነው። ዝብርቅርቅ ካለ አሮጌው ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፣ ግን ለአንድ የደብዳቤ ቅጽ አልደክምበትም። ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ፣ ከታች «ከሰላምታ ጋር»። አሥር መስመር አይሞላም። እንደገና ብትተይቢው ቡናሽ ሳይቀዘቅዝ ትጨርሻለሽ።

ደህና የሆኑትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ኒያላ በሚባለው ፎንት የተጻፉ ናቸው፣ ኒያላ ደግሞ የዊንዶውስ ፎንት ነው። በምትኩ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባሉት ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ፣ አንዱን ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ጫኚ። የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ፊርማው ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አርማውንም እዪው። በተንሳፋፊ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ይንሸራተታል፤ እኔ ሁሌ ሄደሩ ላይ ድንበር የሌለው ሰንጠረዥ ሠርቼ ግራው ላይ አርማ፣ ቀኙ ላይ አድራሻ አስቀምጣለሁ። ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) ያለበት ቅጽ ካለሽ ማክሮው እንደ ድሮው ይሠራል ብለሽ አትጠብቂ፣ ለብቻው ፈትኚው።

በኋላ ቅጹ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ተቀየረ እንበል። ደብል ክሊክ አታድርጊ፣ አዲስ ሰነድ ነው የሚከፍትልሽ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤን ተጫኚ፤ የቴምፕሌቶቹ ዝርዝር ይመጣል። ቅጹ እዚያ ከሌለ ኢምፖርት አድርጊው፣ ከዚያ በቀኝ ክሊክ «ኤዲት» በዪ። ዎርድ ለሚጠቀም መሥሪያ ቤት ስትልኪ ደግሞ ደብዳቤውን በፒዲኤፍ አውጪው፣ ኦቲቲው እናንተው ጋ ይቅር።