መጀመሪያ ቁጠሩ፣ ከዚያ ትከሉ

ሰላም እህቴ። «የአካባቢ ጥበቃና የሳይንስ ክበብ ተጠሪ ተደርጌ ተመደብኩ፤ መስከረም ላይ 84 ተማሪ ተመዘገበ፣ አሁን በኅዳር የሚመጡት 9 ናቸው፤ በጀትም የለም፣ ምን ላድርግ?» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ፊቴ ላይ መጣብኝ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ደጋ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ይህንኑ ክበብ ከያዝኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

9ኙን አትናቂያቸው፤ እኔ በ7 ነው የጀመርኩት። ከ84ቱ ብዙዎቹ «አንድ ክበብ መግባት ግዴታ ነው» ስለተባሉ ስማቸውን የሰጡ ናቸው።

ክበቦቻችንን የሚገድላቸው የተማሪ ስንፍና አይደለም፤ የጊዜው አለመግጠም ነው። ችግኝ የሚተከለው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ተማሪው ግቢ ውስጥ የሚገኘው የክረምቱ ዝናብ አባርቶ የተተከለው ሁሉ ውሃ በሚጠማበት ወቅት ነው። እኛ ደግሞ ክበብ ማለት ችግኝ መትከል ብቻ አድርገን ስለያዝነው፣ ተማሪው ሲኖር ሥራ የለንም፤ ሥራው ሲመጣ ተማሪው የለም። ልጆቹ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥተው ስብሰባ ብቻ ሲሆንባቸው ይቀራሉ። አልፈርድባቸውም።

ይህን የተረዳሁት በ2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አረንጓዴ አሻራ ተጀምሮ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል፣ እኛም ከግቢያችን ጀርባ ባለው ተዳፋት 1,200 ተክለን ነበር። ጥር ላይ ለክበቡ የሚሰጥ ሥራ ቸግሮኝ «እስቲ የጸደቀውን ቁጠሩ» አልኳቸው። ገመድ ዘርግተው፣ ቦታውን ተከፋፍለው ሁለት ከሰዓት ፈጀባቸው። የተገኘው 311 ነው። ልጆቹ ዝም አሉ፣ እኔም የምለው ጠፋኝ። ከዚያ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የደረቀ ችግኝ ስትነቅል ችግኙ የፈላበት ጥቁር ላስቲክ ከነሥሩ ተከትሎ ወጣ። ማን እንደተከለው እንጃ፣ ላስቲኩን ሳያወልቅ ነው ጉድጓድ ውስጥ የከተተው። ሌላም ነቀሉ። ከደረቁት 60 መርጠው ሲቆፍሩ 23ቱ ከነላስቲካቸው ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ ምስጥ የበላው፣ ፍየል የቀረጠፈው፣ ጉድጓዱ ከስንዝር ያልዘለለ ነበረበት። ሁሉንም በምክንያቱ ለይተው ደብተር ላይ አሰፈሩት። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ለስብሰባ ተማሪ ለምኜ አላውቅም።

ያንን ደብተር ይዘው ወላጅ መምህር ኅብረቱ ፊት ቀረቡ፤ አጥሩ ተጠገነ። ለቀጣዩ ክረምት የምንተክለውን ወደ 600 ዝቅ አደረግን፣ ጉድጓዱም ከወር በፊት ተቆፈረ። በዓመቱ ስንቆጥር 402 ቆመው ነበር። በግማሽ ቀንሰን ተክለን የበለጠ ጸደቀልን።

ስለዚህ ከ9ኙ ጋር በሚቀጥለው ሳምንት ባለፈው ክረምት የተተከለውን ቁጠሩ። የቆመውን ለእያንዳንዳቸው 10 ወይም 12 አካፍያቸው፤ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ከችግኙ ጎን ይትከሉ። በየሁለት ሳምንቱ ቁመቱን በማስመሪያ ለክተው ይመዝግቡ። ውሃ እንደኛ ከቸገራችሁ፣ ባዶ ሃይላንድ ታችኛው ጎኑን በመርፌ በስታችሁ ከችግኙ ሥር አጠገብ ቅበሩት፤ ሲሞላ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። ተማሪዎቻችን እጅ የታጠቡበትን ውሃ እያጠራቀሙ ነው የሚሞሉት።

ሁለተኛው የበጋ ሥራ ችግኝ ማፍላት ነው። ዘሩን ከቅርባችሁ ካለ ቤተ ክርስቲያን ደን አስተዳዳሪውን አስፈቅዳችሁ ልቀሙ፤ የሐበሻ ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ዛሬ በብዙ የደጋ አካባቢ ተርፎ የሚገኘው እዚያ ነው። 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ ለእኛ ሠርቶልናል። ወይራና ጽድ አይቸኩሉም፤ እስከሚቀጥለው ዓመት ክረምት መቆየት ይፈልጋሉ። የወይራ ፍሬ ደግሞ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። እኛ 100 ፍሬ ቅርፊቱን በቀስታ ሰነጠቅን፣ 100 እንዳለ ተውን፣ ጎን ለጎን ዘርተን ጠበቅን። ካልተሰነጠቀው የበቀለው በጣት የሚቆጠር ነው። ልጆቹ «ማነጻጸሪያ» የሚባለውን ነገር የገባቸው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከዚያ መደብ ነው።

«ላብራቶሪ ስለሌለን ሳይንሱን ትተነዋል» ያልሽው ግን ያሳዝነኛል፤ እባክሽ አትተይው። በየዓመቱ ለአዲስ አባላት የእንዶድን ነገር እነግራቸዋለሁ። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነው። ከዚያ ምርምሩ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በተለምዶ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ተማሪዎቼ እንዶድን ከአያቶቻቸው ጋር ጋቢ ሲያጥቡ ያውቁታል። የሳይንስ መነሻ እንዲህ ቅርብ መሆኑን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። ብቻ ከተጠቀማችሁበት ዕጣቢውን ወንዝ እንዳትደፉት፤ ዓሣም ይገድላል።

ከርከዴ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ሎሚ፣ አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃ፣ ሳሙና በየተራ ጨምሩበት፤ ቀለሙ ሲለዋወጥ አሲድና ቤዝ በዓይናቸው ያዩታል። ወጪው የሻይ ዋጋ ነው።

የስብሰባ ቀንን በተመለከተ፦ ቅዳሜን ተዪው። የኛ አገር ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሴት ልጆች ደግሞ ውሃና እንጨት ይጠብቃቸዋል። እኔ ወደ ረቡዕ፣ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ለ40 ደቂቃ ሳዞረው የሴቶቹ ቁጥር በአንድ ወር ከወንዶቹ በለጠ። 12ኛ ክፍሎችንም አታስጨንቂያቸው። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ ወላጅም ልጅም ፈርቷል፣ እውነታቸውን ነው። ኃላፊነቱን ለ11ኛ ስጪ፣ ምክትሉ ከ10ኛ ይሁን፤ ደብተሩም ከእጅ ወደ እጅ ይለፍ።

አንድ ነገር ጠንከር ብለሽ ያዢ። ባነር ይዘው ፎቶ ሊነሱ ተማሪዎችሽን ከክፍል አስወጥተው የሚወስዱ ይመጣሉ፤ እኛ ጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ተመላልሶብናል። አሁን በር ላይ የምጠይቀው «ያለፈው ዓመት ስንት ጸደቀ?» ብዬ ነው። ቁጥሩን ይዘው ከመጡ በደስታ አብረን እንሠራለን።

ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ስንት ቆሞ፣ ስንት ደርቆ፣ ስንቱስ ከነላስቲኩ እንዳገኛችሁ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የኛን ደብተር ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።