ለልጆች የተገዛች የውሃ ኤሊ ዓይኗ ሲከደን፣ ድንጋይ ልብሷ ሲለሰልስ

«ለልጆቹ የገዛናት ትንሽ የውሃ ኤሊ በሦስተኛ ወሯ መብላት አቆመች። ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፤ ልብሷ (ጠንካራው የጀርባዋ ሽፋን) ሲጫኑት ይሰረጉዳል። የምትኖረው በፕላስቲክ ሳህን ነው፣ ልጆቹ የሚሰጧት ጥሬ ሥጋ ነው። የዓይን ጠብታ እናድርግላት?» ላሉን እህት፦

ጠብታው ይቆይ። የዘረዘሩት ሁሉ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአኗኗሯ ነው። ኤሊ የራሷን ሙቀት አታመነጭም፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሆዷም ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ምግብ ከመቀያየርዎ በፊት ውሃውን ወደ 26–28 ዲግሪ ያድርሱት። ማሞቂያው የመስታወት ከሆነ መከላከያ ሽፋን ይኑረው፤ ኤሊ እየገፋች ትሰብረዋለች። ውሃ ሲቀይሩም አስቀድመው ከሶኬት ይንቀሉት። አሁን ደካማ ስለሆነች የውሃው ጥልቀት ከልብሷ ከፍታ አይብለጥ፤ የውሃ እንስሳ ብትሆንም ጭንቅላቷን ማውጣት ካቃታት ትሰምጣለች።

ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ወጥታ የምትደርቅበት ድንጋይ ወይም እንጨት ያስፈልጋታል። ከላዩ የሙቀት አምፖል ይሰቀልና ድንጋዩ ላይ በቴርሞሜትር ሲለካ ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ይሁን። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፦ የሙቀት አምፖልና የዩቪቢ አምፖል (ፀሐይ የምትሰጠውን፣ በዓይን የማይታየውን ጨረር የሚያወጣው) አንድ አይደሉም። ኤሊ ቫይታሚን ዲ የምትሠራው በዩቪቢ ጨረር ነው፤ ያለ እሱ የበላችው ካልሲየም ወደ ደሟ በደንብ አይገባም። ሥጋ ደግሞ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ኢምንት ነው። ሰውነቷ የጎደለውን ከራሷ አጥንት ይወስዳል፣ ልብሷም አጥንት ነው። ድንጋይ ልብሱ የተባለችው እንስሳ የምትለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው። (ገና የተፈለፈለች ኤሊ ጠርዟ ትንሽ ይለመጣል፤ ከወር ወር እየባሰ ከሄደ ግን ሕመም ነው።) የዩቪቢ አምፖሉን በቀን ከ10–12 ሰዓት ያብሩ፤ ርቀቱን ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ያድርጉ። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይተካውም፤ መስታወቱ ጨረሩን ያስቀረዋል። አምፖሉ እየበራም ጨረሩ ስለሚዳከም በ6 ወይም በ12 ወር ይቀየራል።

የዓይኑ እብጠት ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ለውሃ ኤሊ የተዘጋጀ እንክብል ዋና ምግቧ ይሁን፤ በተጨማሪ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ቅጠላ ቅጠልና ትንሽ የካልሲየም ዱቄት ይስጧት። ዓይኗ ስለተከደነ ምግቡን ላታየው ትችላለች፤ አፍንጫዋ አጠገብ ያንሳፍፉላት። ቫይታሚን ኤ በራስዎ መጠን አይስጡ፤ ሲበዛ ቆዳዋን ይልጠዋል። ያ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው፤ ዓይኗ ከተከደነ ደግሞ ሐኪሙ ሊያያት ይገባል። በአንድ ጎን አጋድላ ከተንሳፈፈች፣ ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ሳንባዋ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ይውሰዷት።

ስለ ልጆቹም ልንገርዎት። ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. ልብሳቸው ከ10 ሳንቲሜትር በታች የሆነ ኤሊዎች ሽያጭን የከለከለችው፣ ሕፃናት እነዚህን ትንንሾች አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱ ነው። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይንካት፤ ሌሎቹ ከነኩ በኋላ 20 ሰከንድ በሳሙና ይታጠቡ። ሳህኗ ወጥ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይታጠብ።

ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ካላት ቀይ ጆሮ የሚባለው ዝርያ ናት። ሴቷ ከ25 ሳንቲሜትር በላይ ልታድግ፣ 30 ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ያኔ የሚበቃት ገንዳ ወደ 400 ሊትር ውሃ የሚይዝ ነው። ይህን ካልቻሉ አሳዳጊ ይፈልጉላት እንጂ ወንዝ ውስጥ አይጣሏት። ይህ ዝርያ በዓለም ላይ እጅግ ጎጂ ከሚባሉት 100 ወራሪ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አለ።

ሲሻላት መጀመሪያ ዓይኗ ይከፈታል፤ ልብሷ ግን ወራት ይፈጃል። እስከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ በኩሽና ሚዛን ሳይሆን ለእሷ በተለየ ሚዛን ይመዝኗት። ልጆቹ «ጠነከረች?» እያሉ በአውራ ጣት እንዳይጫኗት ይከልክሉ፤ የለሰለሰ ልብስ ሥሩ ሳንባዋ ነው።