መግቢያውን አትዝለሉት

ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት ሙዚቃ አስተምሬአለሁ። በቀደም አንድ ወጣት ዘመዴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ዘፈን ሲሰማ አየሁት። ይከፍታል፣ መግቢያውን ይዘላል፣ አዝማቹን ሰምቶ ወደ ሌላው ያልፋል። አንድ ሻይ ሳይጨርስ ስምንት ዘፈን አለፈ። ከዚያ «ደበረኝ» ብሎ ተነሣ። ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚያ ነው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ደብረ ብርሃን ማኅሌት፣ የቤተ ክርስቲያኑን የሌሊት ዝማሬ ማለቴ ነው፣ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይገባል። ጋቢዬን ተከናንቤ «መቼ ነው የሚነጋው?» እላለሁ። ሊቃውንቱ መጀመሪያ በቁም ዜማ ይሉታል። ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ። ለልጅ የማያልቅ ነገር ነው። ያንኑ ቃል መልሰው በዝማሜ ይሉታል፤ መቋሚያው ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ከበሮው ይገባና መረግድ ይሆናል። በመጨረሻ ጽፋቱ ይመጣል፤ ጭብጨባው ይፈጥናል፣ እግሬ ሳላዘው ይነሣል። ቀና ስል መስኮቱ ነጥቷል።

ቃሉ ያው ነው። ጆሮ ግን ምት በተደጋገመ ቁጥር የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ልባችን እዚያ ላይ ሲሆን ሰዓት መቁጠር እንተዋለን። ቁም ዜማውን ቆሜ ባልጠብቅ ኖሮ ጽፋቱ ተራ ጭብጨባ ይሆንብኝ ነበር።

ገብስ አጨዳም እንዲሁ ነው። አውጪው ስንኝ ይጥላል፣ ደቦው ይቀበላል፣ ማጭዱ በምቱ ይሄዳል። ማሳው ሲያልቅ ፀሐይዋ የት እንደደረሰች ያየ የለም።

ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ለአንድ በዓል ተማሪዎቼን ሳዘጋጅ «ሰው ይሰለቻል» ብዬ የመሰንቆውን መግቢያ ቆረጥኩት። ዘፈኑ አጠረ፣ ሰዉ ግን ያዛጋ ጀመር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተ መሰንቆና ክራር የጀመራችሁ ልጆች፣ በትዝታ ቅኝት ስትጫወቱ ወደ መነሻው ድምፅ ለመመለስ አትጣደፉ። አምስት ድምፅ ነው ያላችሁ። ከመነሻው ራቅ በሉ፣ ቆዩ፣ ሰሚው ይናፍቀው። መመለሻው ያኔ ነው ልብ የሚነካው።

ሰሚዎች ደግሞ ለበዓል አገር ቤት ስትመጡ ጽፋቱ ሲደርስ አይደለም መድረስ ያለባችሁ። ከቁም ዜማው ጀምራችሁ ቁሙ። ጋቢ ያዙ።