ውሃው ወዴት ይሂድ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤታችንን አፍርሰን በአዲስ ሴራሚክ ልናሠራው አስበናል። ወለሉ 1 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር ነው። አንድ ኮንትራክተር «ከነዕቃው ልቻለው» ብሎ 70 በመቶ ቀብድ ጠየቀን። ባለቤቴ ደግሞ መርካቶ ሄዶ መስታወት የመሰለ ነጭ ሴራሚክ ወዶ መጣ። ለወለሉም ለግድግዳውም ይሁን ይላል። ዛሬ ካልገዛን ያልቃልም ይላል። ምን ይሻለናል?
ግራ የገባት፣ ከልደታ

መልስ፦ እህቴ፣ «ያልቃል» ያለው ሻጩ ነው፤ ባለቤትሽ ቃሉን ይዞ መጣ እንጂ። አትቸኩሉ።

እኔ ቤቴ አራት ኪሎ ነው፣ እንደናንተው ፎቅ ላይ። ከዓመታት በፊት መታጠቢያ ቤቴን አሠራሁ። ሴራሚኩ ሲያበራ ፊት ያሳያል። ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ቅዳሜ ባለቤቴ ልብስ አጠበች። ውሃው መውረጃውን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ኮሪደር መጣ። ማክሰኞ ከታች ያሉት እማማ በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ ጣሪያዬ ያለቅሳል» አሉኝ። ለሠራተኛው ብደውል፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም። ሁሉም ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሴራሚክ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቀለም አይደለም። ውሃው ወዴት ይሂድ? እሱን ነው።

ወለሉ ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት። በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ይህ የሚሠራው ከሴራሚኩ በታች ነው፤ ከተነጠፈ በኋላ የሚታረም ነገር የለም። ስለዚህ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ቁሚበት። ውሃ ልኩን አስቀምጦ ያሳይሽ። አንድ ባልዲ ውሃም ድፊበት፤ ጥግ ላይ ከተኛ ይስተካከል። ቀጥሎ ውሃ መከላከያ ይቀባል። ግድግዳውንም ከሥሩ ትንሽ ይውጣ። ሲደርቅ መውረጃውን ድፈኑና ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ሞልታችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት። ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ጎረቤቶች ቀድማችሁ አስጠንቅቁ፣ ጣሪያቸውን እያዩ ይንገሯችሁ። ቡና ይዘሽ ብትወርጂ አይከፋም።

ወደ ቀብዱ ልምጣ። 70 በመቶ ከሰጠሽው በኋላ ምን ብለሽ ታዝዢዋለሽ? ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፤ እሱ የእጁን ዋጋ ይያዝ። ሥራ ሲጀምር ጥቂት፣ የውሃው ሙከራ ሲያልፍ ሌላ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሁሉም አልቆ ታጥቦ። በወረቀት ጻፉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሕንፃ ተቋራጭን ለሥራው 10 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ወረቀት ሳይኖር ግን ማን ምን እንደተዋዋለ በምን ታሳያለሽ? ፍርስራሹን ከአራተኛ ፎቅ የሚያወርደው ማን እንደሆነም ይጻፍ። ሁልጊዜ የምትረሳው እሷ ናት፣ ሁልጊዜም ጭቅጭቅ የምታመጣው እሷ ናት። ደግሞ ዛሬ የጨረሰውን ቤት አይደለም የምታዪው። ከሁለት ዓመት በፊት የሠራውን አሳየኝ በይው። ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኪ፤ ባዶ ቆርቆሮ ድምፅ ከሰጠ ሥሩ ባዶ ነው።

ሴራሚኩስ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መታጠቢያ ቤታችን የበርሜልና የጀሪካን መጋዘን ነው። ወለሉ የሚደርቅበት ጊዜ የለም። መስታወት የመሰለው ወለል ላይ ከተነጠፈ አንድ ቀን ሰው ይጥላል። ሱቁ ውስጥ ትንሽ ውሃ ጠይቂና አፍስሺበት፣ በጫማሽም አሸት አድርጊው። የሻጩን ፊት አትዪ። ለወለል ሻከር ያለ ይሁን። የባለቤትሽ ነጭ ግድግዳ ላይ ይውጣ፤ እዚያ ያምራል፣ ጠባቡንም ክፍል ሰፋ ያደርገዋል። እሱም ደስ ይበለው።

ለወለሉ ፖርሴሊን የሚባለውን የሴራሚክ ዓይነት ከመረጣችሁ አንድ ነገር ልንገርሽ። ፖርሴሊን ውሃ እምብዛም አይጠጣም። ለጥንካሬው ጥሩ ነው፤ ግን ተራ የሲሚንቶ ቡኬት በደንብ አይዘውም። የራሱን ማጣበቂያ ግዙለት። «ሲሚንቶ ይበቃል» የሚል ሠራተኛ ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ። የግድግዳው ሴራሚክ ግን ይጠጣል። በሲሚንቶ የሚለጠፍ ከሆነ ቀድሞ ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ።

ስንት ትገዣለሽ? የክፍሉ ዙሪያ 7 ሜትር ነው። ግድግዳው 2 ሜትር ከ10 ድረስ ከለበሰ 14.7 ካሬ ይሆናል። በሩ ሲቀነስ 13 ካሬ አካባቢ። ለቆረጣና ለስባሪ 10 በመቶ ጨምሪበት፣ ወደ 14 ካሬ ተኩል ይጠጋል። ባለ 30 በ60 ከሆነ ካርቶኑ አብዛኛውን ጊዜ 8 ፍሬ ይይዛል፤ 1.44 ካሬ ማለት ነው። 11 ካርቶን ግዢ። ወለሉ ከነትርፉ 3.3 ካሬ ነው። ካርቶኖቹ ላይ የቀለም ቁጥር ተጽፏል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑን ሳታዪ አታስጭኚ። ቁጥሩ ከተለያየ ነጩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነጭ ይሆናል።

የተረፈውን እንዳትጥሉ። አንድ ቀን ቧንቧ ፈንድቶ ግድግዳ ቢሰበር ያንኑ ቀለም የትም አታገኙትም። ለእኔ ሁለት ፍሬ ብቻ ነበር የተረፈችኝ። አንዷ ግድግዳ ላይ ገብታለች፣ አንዷ ጀበና ተቀምጦባታል።