ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመደባችሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሳችሁ ልጆች ስለ ግቢው፣ ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ ብዙ እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ አንድ ላይ ብመልስ ይሻላል ብዬ ነው። እኔ ከአሶሳ ነው የመጣሁት። የፍሬሽ ዓመቴን ደሴ፣ የቀረውን ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተምሬ፣ አሁን እዚሁ ኮምቦልቻ ሥራ ይዣለሁ። ጥያቄዎቻችሁን እንዳሉ እያስቀመጥኩ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ አዲስ አበባ ነበር። ወሎ ሲደርሰኝ ሁለት ቀን አለቀስኩ። እውነቱን ንገሪኝ፣ "የወሎ ተማሪ ነኝ" ስትዪ ኩራት ይሰማሻል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ እኔም አልቅሻለሁ። አሁን ግን አዎ፣ እኮራለሁ። ከመታወቂያው ጋር አብሮ የተሰጠኝ ኩራት አይደለም፤ መቼ እንደመጣ ግን በደንብ አስታውሳለሁ። የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ቤት ገባሁ። እራት ላይ የቡና ወሬ ተነሣና "እኛ ጋ እኮ በረካ ሳይጠጣ አይኬድም" አልኩ። እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀና ብላ "እኛ ጋ የት ነው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ደሴ "እኛ ጋ" ሆናለች፣ እኔ ራሴ ሳላውቀው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ገና ወጣት ነው፤ ሁለተኛው ትውልድ ከሚባሉት አንዱ። ትምህርት ቤትን እንደ ዘመድ መውደድ ግን ደሴ ላይ የቆየ ነገር ነው። ፀጉራቸው የሸበተ አባቶች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ዛሬም "እኔ የስሂን ተማሪ ነኝ" ይሉሻል፣ ትናንት የወጡ ይመስል። ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በእሳቸው ነው። እነዚያ አባቶች ወሬያቸውን ጠጋ ብለሽ ብትሰሚ አብሯቸው የተቀመጠውን ልጅ፣ የቆነጠጣቸውን መምህር፣ ያበደራቸውን ጓደኛ ነው የሚያነሡት። አንቺም ስሙን የምትጠሪው ሰው ግቢ ውስጥ ሲኖርሽ ለቅሶው ይረሳሻል።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ። ልጄ ከቤት ወጥታ አታውቅም፤ አገሩንም ሰውም አላውቅ። ሙስሊም ነን። ብቻዋን ትሆንብኛለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ ሆዴን አባባው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ደሴ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ግን ቡና የጠሩኝ ሙስሊም እናት ነበሩ። ከዶርም ጓደኛዬ ጋር እሳቸው ሱቅ ሳሙና ልንገዛ ገብተን ነው። ጓደኛዬ ስታስነጥስ ሰሙና "ብርዱ ገብቶብሻል፣ ግቡ" አሉን። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አቦሉ ሲወርድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ለእኛም በየስማችን፣ ስማችንን ከነገርናቸው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ። ፈተና ደርሷል ብለን ከቶና በኋላ ልንነሣ ስንል "በረካ ሳይጠጣ የሚያልፍ ፈተና የለም" ብለው አስቀመጡን። ከዚያ ወዲያ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለእኔ ለብቻ ሽሮ ይሠሩልኝ ነበር፤ በረመዳን ደግሞ እኔ ለማፍጠሪያቸው ቴምር ይዤ እሄድ ነበር። ወሎ ውስጥ ቄስም ሼክም ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ለልጅዎ የሚከብዳት ነገር አይሆንም።

ግቢ ውስጥም ጀመዓ አለ። ትልልቆቹ ሴት ተማሪዎች አዲሶቹን ይዘው ክፍል ያሳያሉ፣ ሲታመሙ ሐኪም ቤት ያደርሳሉ። በግቢ ጉባኤም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየማታው ይደውሉላት፤ ከዚያ በኋላ ራሷ መደወል ስትረሳ አይከፉ፣ ጓደኛ አገኘች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ምን ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ የ12ኛ ክፍል ውጤትና ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት፣ ዋናውንም ኮፒውንም፤ ጉርድ ፎቶ በርከት አድርገህ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ልብስ፣ ጠንካራ የሎከር ቁልፍ። ከቆላ የምትመጣ ከሆነ ደግሞ ጋቢ፣ ወንድሜ። እኔ ሹራብ ይበቃል ብዬ መጥቼ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ጋቢ ነው ያጠናሁት።

ጥያቄ፦ ደሴ ይሻላል ኮምቦልቻ? ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው።

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚለያዩ ልንገርህ። ርቀታቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። ጠዋት ደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ላቦ ነው። ሐረጎ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ይውጠዋል፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ክላክስ እያሰማ ነው የሚሄደው። ቁልቁለቱን እንደጀመርክ ጆሮህ ይደፈናል። ጥቂት ጠመዝማዛ ካለፍክ በኋላ ጭጋጉ እንደ መጋረጃ ይገለጥና ሜዳው፣ የፋብሪካው ጣሪያ፣ የቦርከና ዳር ልምላሜ ከእግርህ ሥር ይዘረጋል። ያኔ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሹራቡን ማውለቅ ይጀምራል። ስንት ዓመት ተመላልሼበት እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ዛሬም መስኮቱን እከፍታለሁ።

የምትማርበትን የሚወስነው ትምህርትህ ነው። ሕክምና፣ ሕግ፣ እንስሳት ሕክምና፣ ቢዝነስና ማኅበራዊ ሳይንስ ደሴ፤ ኢንጂነሪንጉና ኮምፒውተሩ ኮምቦልቻ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያው ነው። ለቴክስታይል ወይም ለሜካኒካል ተማሪ፣ ክፍል ውስጥ የተሳለለት ማሽን ባጃጅ ተሳፍሮ በሚደርስበት ቦታ ሲሽከረከር ማየት ትልቅ ነገር ነው። ለመኖር ግን ልቤ ደሴ ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ወንድሞቼ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሲኒየሮች ፍሬሽ ላይ ይቀልዳሉ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የተሳሳተ ሕንፃ የሚጠቁም አይጠፋም። ቢሮ ስትፈልጊ ተማሪ ሳይሆን የጥበቃ ሠራተኛ ጠይቂ፤ እነሱ ግቢውን ከማንም በላይ ያውቁታል። ቀልዱ አልፎ ማስፈራራት ወይም ትንኮሳ ከሆነ ግን ቀልድ አይደለም። ለፕሮክተርሽ (የዶርም ተቆጣጣሪሽ) እና ለተማሪዎች ዲን ቢሮ ዛሬውኑ ንገሪ፣ ነገ አትበይ።

ጥያቄ፦ ካፌ ልጠቀም ወይስ ኖን ካፌ ልሁን?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ። ኖን ካፌ ማለት ግቢ በመብላት ፈንታ የምግቡን ገንዘብ መቀበል ነው፤ ገንዘቡ እጅህ ላይ ሲገባ ብዙ ይመስላል፤ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ደግሞ ጓደኛ የሚገኘው ሰልፉ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሃይስኩል ሰቃይ ነበርኩ። ፍሬሽ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል ሲሉ እሰማለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ ስሚኝ፣ ምክንያቱም እኔ የተጎዳሁበት ነው። የፍሬሽ ኮርሶች አገር አቀፍ ናቸው፤ ሥነ ልቦና፣ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ማትስ የትም ግቢ አንድ ዓይነት ሞጁል ነው። ሃይስኩል ሸምድደሽ ማለፍ ትችያለሽ፤ ሎጂክ ግን ሽምደዳን አይቀበልም። የስሕተት ዓይነቶችን ስም በቃሌ ይዤ ገባሁ፤ ፈተናው አዲስ አዲስ አባባል እየሰጠ "ይህ የትኛው ስሕተት ነው?" ይላል። ሚዱን ከ30 11 አገኘሁ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ለማንም ሳልናገር ሰነበትኩ።

ያወጣኝ የዶርም ጓደኛዬ ነች። አልጋችን ላይ ሆነን ከሬዲዮ ማስታወቂያና ከሰው ክርክር ስሕተት እየለቀምን ስም ማውጣት ጀመርን፤ "ጎረቤቴ ስለገዛው ጥሩ ዕቃ ነው" ሲባል እሷ ስሙን ትጠራለች፣ እኔ ለምን እንደሆነ አስረዳለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገባኝ።

ሒሳቡንም ልንገርሽ። አምስት ኮርስ ባለ 3 ክሬዲት ወሰድሽ እንበል፤ ቢ 3 ነጥብ፣ ሲ 2 ነጥብ ነው፣ በክሬዲቱ ይባዛል። አራቱን ቢ፣ አንዱን ሲ ብታመጪ 42 ለ15 ተካፍሎ 2.80 ነው። አንዷ ሲ ከ3.00 ያወረደችው 0.20 ብቻ ነው። አንድ ሚድ ተበላሸ ብሎ ሻንጣ የሚሸክፍ ልጅ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። መምህሩን ቢሮው ሄደሽ "የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?" በይው። መጀመሪያ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ እኔን ያስተማሩኝ ብዙዎቹ ግን ወንበር ስበው ነው ያስረዱኝ።

ጥያቄ፦ ዶርሜ ውስጥ አማርኛ ብዙም የማይችሉ ልጆች ይኖራሉ ተባልኩ። እንዴት እግባባለሁ?

መልስ፦ አንተ ቋንቋቸውን በመጠየቅ ጀምር። ያቺ ያልኩህ ጓደኛዬ ከአምቦ ነው የመጣችው፤ ስንገናኝ አማርኛዋ የተቆራረጠ ነበር። ማታ ማታ እሷ አምስት ቃል በኦሮምኛ፣ እኔ አምስት በአማርኛ እንለዋወጥ ነበር። ዛሬ እናቷ ስትደውል ስልኩን ለእኔም ትሰጠኛለች። ሳምንታዊውን የዶርም ጽዳት ብቻ በመጀመሪያው ቀን ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ጠብ የሚነሣው ከቋንቋ ይልቅ ከመጥረጊያ ነው።

ጥያቄ፦ ጦርነቱ ግቢውን ጎድቶታል ይባላል። አሁንም የሚያስፈራ ነው?

መልስ፦ በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆይተዋል፤ በሁለቱም ግቢ ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሷል። እኔ ስገባ ገና እየተጠገነ ነበር። የመስኮቱ መስታወት አዲስ ነው፤ ፍሬሙ አሮጌ፣ ዳሩ ላይ የተለሰነው ማጣበቂያ ገና በጣት ሲነካ የሚታተም። አንድ ቀን የላቦራቶሪ ቴክኒሻናችን ማይክሮስኮፑን በሁለት እጁ አቅፎ አምጥቶ፣ ጠረጴዛውን ሁለቴ ወልውሎ፣ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ምንም አልተናገረም። እኛም ዕቃ ስንነካ ድምፃችን ሁሉ ቀነሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢ ወንበር ላይ ስሙን የሚጭር ልጅ ሳይ ያመኛል።

ስለ መንገዱና ስለ ወቅቱ ሁኔታ ግን ከመነሣታችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ተከታተሉ፤ እዚያ ያለ ሰው ካወቃችሁም ደውሉ።

ጥያቄ፦ ደሴ በገባሁ የመጀመሪያው ቅዳሜ የት ልሂድ?

መልስ፦ ጠዋት ከፒያሳ ተነሥተህ አይጠየፍን እይ፤ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው፣ ስሙ የመጣውም ማንንም ሳይጠየፍ ስለሚያስተናግድ ነው ይላሉ። ከሰዓት ጭጋጉ ከተገለጠ ከአካባቢው ልጅ ጋር ሆነህ ወደ ጦሳ ተራራ ውጣ፤ ብቻህን አትሂድ፣ ውኃና ሹራብ ያዝ። ከላይ ስትሆን ከተማዋ በሸለቆው ውስጥ ቁልቁል ትታይሃለች፣ ከማዶ አዝዋ ገደል ቆሟል። ስትወርድ ቡና የሚጠራህ ካገኘህ እሺ በል፤ በረካው እስኪደርስ እንደምትቆይ ግን ዶርም ላሉት ቀድመህ ደውልላቸው፣ እራት ያስቀምጡልህ።