«ዊልቸር ከመግፋት ምን ልምድ ይገኛል?»

ሰላም ሲስተር፣

የሁለተኛ ዓመት የጤና ተማሪ ነኝ። አምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ልቤ ስለከበደኝ ነው።

የእረፍት ጊዜዬ በከንቱ ከሚያልፍ ልምድ ልቅሰም ብዬ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ስገባ ብዙ ነገር ጠብቄ ነበር። የምሠራው ግን ዊልቸር መግፋት፣ ናሙና ላብራቶሪ ማድረስ፣ አንሶላ መቀየርና ካርድ ማመላለስ ነው። ሌላ ቦታ የገቡት የክፍሌ ልጆች «ዛሬ ካኑላ ሰካሁ» (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ነው)፣ «ዛሬ ቁስል ሰፋሁ» እያሉ ያወራሉ። አንዱማ የሰፋውን ቁስል ፎቶ አንስቶ ልኮልናል። እኔ የማወራው ስለሌለኝ ዝም እላለሁ። ስንመረቅ እነሱ ሥራ ሲገቡ እኔ ባዶ እጄን የምቀር ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ አንድ አባት ነበሩ። ጠዋት በአልጋቸው አጠገብ ሳልፍ «ልጄ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ እስቲ ያቺን ወተት አቀብዪኝ» አሉኝ። አሳዘኑኝ። ብርጭቆውን አንስቼ ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው መረቁኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሊወስዳቸው የመጣው የሰመመን ባለሙያ «ከሌሊት ጀምሮ የቀመሱት ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ምንም» አሉ። እግሬ ተንቀጠቀጠ። ዝም ልበል ብዬ አስቤ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ግን አላስቻለኝም። «እኔ ወተት ሰጥቻቸዋለሁ» አልኩ። ቀዶ ሕክምናው ለሁለት ሳምንት ተላለፈ። ልጃቸው በጣም ተቆጣ። ሲስተሯም ሰው ፊት ጮኸችብኝ። ቤቴ ገብቼ ሳለቅስ አደርኩ።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ይህ ሙያ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው? ይሆናል ካሉኝስ እውነተኛ ልምድ የማገኘው እንዴት ነው?

ግራ የገባት ተማሪ

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከወተቱ ልጀምር፤ የሁለቱም ጥያቄዎችሽ መልስ እሱ ውስጥ አለ።

ሰመመን የተሰጠው ሰው ሰውነቱ ብቻ አይደለም የሚተኛው። ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ የሚከላከለው የማሳልና ትን የማለት ኃይሉም አብሮ ይተኛል። ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ ከመጣ ቀጥታ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው አዋቂ ታካሚ ከሰመመን በፊት ቢያንስ ለ6 ሰዓት ምግብ፣ ለ2 ሰዓት ደግሞ ውኃ እንዳይቀምስ የሚደረገው። ወተት ፈሳሽ ቢሆንም ሆድ ሲገባ ስለሚረጋ ከምግብ ይቆጠራል። በእኛ አነጋገር «ኤንፒኦ» የሚባለው ይኸው በአፍ ምንም አለመቅመስ ነው። ያ አባት እንዳይከለከሉ ፈርተው ደበቁ። አንቺ ተናገርሽ። ባትናገሪ ኖሮ ወተቱን ይዘው ሰመመን ውስጥ ይገቡ ነበር።

ስለዚህ ያን ቀን ያደረግሽው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሳይጠይቁ መስጠት ነው፤ እሱ ጥፋት ነው፣ አላለባብስልሽም። ግን ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ጠዋት ስትገቢ «እነዚህ ታካሚዎች ምንም አይቀምሱም» ብሎ የነገረሽ የለም፤ ወተቱም ከአጠገባቸው መነሳት ነበረበት። ሲስተሯም ሰው ፊት መጮኋ ልክ አልነበረም። ሁለተኛው ግን እየተንቀጠቀጥሽም ቢሆን እውነቱን ማውጣትሽ ነው። ይህን ማድረግ የሚያቅታቸው ብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ ራሴ በአንቺ ዕድሜ አቅቶኝ ነበር።

ተማሪ ሳለሁ ነው። ሌሊት፣ ከአንዲት ታካሚ ደም ቀድቼ መርፌውን መልሼ ልከድን ስል የግራ አውራ ጣቴን ወጋኝ። አንዲት ጠብታ ደም በጓንቱ ውስጥ ስትሰፋ ይታየኛል፤ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለች። ጓንቱን አውልቄ ጣቴን ታጠብኩ፣ ሌላ ጓንት አጠለቅኩ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። «እጇ አይረባም» እንዳልባል ፈራሁ። ምግብ አልበላ አለኝ፤ እንቅልፍም የለም። በሁለተኛው ቀን ማታ አንዲት ተረኛ ነርስ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ ነው ያፈነዳሁት። አንድም ቃል ሳትቆጣኝ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት ቶሎ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እኔ ለጥቂት ደረስኩ። ደግነቱ ምንም አልያዘኝም። ያን ሌሊት ግን የእፍረት ዋጋው ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል አየሁ።

ይህን የነገርኩሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ከመመለስሽ በፊት የምትጠይቂው ነገር ስላለ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትሽን ጨርሰሻል? አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዙር ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ ስለሆነ የሚያልቀው አሁኑኑ ካልጀመርሽ ሥራሽ ይቀድመዋል። መርፌ ቢወጋኝ ለማን ነው የምናገረው? ሌሊትስ ቢሆን? ሴፍቲ ቦክሱ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን፣ የት ነው? መርፌ ባትነኪም ጠይቂ። አንሶላ ውስጥ የተረሳ መርፌ በጎ ፈቃደኛ ነው ብሎ አይምርሽም። የተጠቀሙበትን መርፌ ደግሞ መልሰሽ አትክደኚ፣ ማንም ቢያዝሽ።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ። ካኑላ መስካት የእጅ ሥራ ነው። በአሻንጉሊት ክንድ ላይ ትለማመጂዋለሽ፣ ከዚያ አስተማሪ አጠገብሽ ቆሞ ትሠሪዋለሽ፣ ከተመረቅሽ በኋላ ደግሞ ቁጥሩ እስኪጠፋሽ ትሰኪያለሽ። አያመልጥሽም። ጓደኞችሽ ታካሚው ተጠይቆ፣ ባለሙያም አጠገባቸው ሆኖ ሠርተውት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ደስ ይበላቸው። ብቻቸውን፣ ተማሪ መሆናቸውን እንኳ ሳይናገሩ ሠርተውት ከሆነ ግን እምቢ ማለት በማይችል ሰው ገላ ላይ ሙከራ አድርገዋል። ይህን ልምድ ብዬ አልጠራውም። ፎቶውንማ ተዪው። ፊት ባይታይም ቁስሉን የሚያውቅ፣ ከበስተጀርባ ያለውን አልጋ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ልጁ ወዳጅሽ ከሆነ እንዲያጠፋው ንገሪው፤ አንቺም ስልክሽ ላይ አታስቀምጪው።

የዊልቸሩ ነገር ግን ከልቤ አሳስቦኛል፤ እንደ ትንሽ ነገር ቆጥረሽዋልና። እስቲ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው ወደ ራጅ ክፍል ስትወስጂ አስተውዪ። ከአልጋ ከማውረድሽ በፊት ፍሬኑን ትይዣለሽ፣ የእግር ማሳረፊያውን ታጥፊያለሽ። ሲነሱ ፊታቸው ይነጣል? ድንገት የተነሳ ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ ትንሽ አልጋው ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። መንገድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ስንት ጊዜ ይተነፍሳሉ? ደግሞም በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ሰው ለሐኪም ያልነገረውን ለሚገፋው ልጅ ይነግራል። «ኪኒኑን እኮ ካቆምኩ ሰነበትኩ» ሊሉሽ ይችላሉ። ያን ጊዜ «ይህን ለሲስተር ልንገርልዎ?» ብለሽ ትጠይቂያቸዋለሽ፣ ትነግሪያለሽ። እኔ በዚህ መንገድ ሕክምናቸው የተስተካከለላቸው ሰዎች አይቻለሁ።

ናሙናውም እንደዚያው ነው። ብልቃጡ ላይ ያለው ስምና ወረቀቱ ላይ ያለው ስም አንድ ነው? ካልሆነ አትውሰጂው፤ መልሺው። የሁለት ሰዎች ደም ከተቀያየረ አንዱ የማይስማማው ደም ሊሰጠውና ሊሞት ይችላል። ብልቃጡን ተሸክማ የምትሄድ ተማሪ የመጨረሻዋ ጠባቂ የምትሆንበት ጊዜ አለ።

ደግሞም ካኑላ ሳትነኪ ልትጠይቂው የምትችዪው ሥራ አለ፤ ትንፋሽ መቁጠርና የደም ግፊት መለካት። ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል፤ በትክክል የሚሠራው ግን ጥቂቱ ነው። አዋቂ ሰው ሲያርፍ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። «ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» ብለሽ ግን አትናገሪ፤ ሰው ሲያውቅ አተነፋፈሱን ይቀይራል። የልብ ምት የምትለኪ መስለሽ የእጃቸውን አንጓ ይዘሽ ደረታቸውን እዪ። ግፊት ስትለኪ ደግሞ አምስት ደቂቃ ይረፉ፣ ጀርባቸው ይደገፍ፣ እግራቸው መሬት ይንካ እንጂ አይቆላለፍ። ክንዳቸው በልብ ትክክል ይሁን። እየለካሽ አታውሪያቸው፤ ወሬ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ከጠበበም እንደዚያው። ሲስተሯ ከለካች በኋላ «እኔም ልሞክር፣ ቁጥራችንን እናስተያየው» በያት። እምቢ የምትልሽ አይመስለኝም።

አንድ ሰው ትዝ አለችኝ። ሲስሊ ሳውንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ነርስ ነበረች። የጀርባ ሕመም ነርስነቱን አስተዋትና የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች። ምሽት ላይ ደግሞ ሞታቸው የቀረበ ሰዎች ወደሚታከሙበት ቤት በበጎ ፈቃድ ትሄድ ነበር። እዚያ የሕመም ማስታገሻ ሕመሙ እስኪያጣድፋቸው ሳይጠበቅ ሰዓቱን ጠብቆ ሲሰጣቸው አየች። ይህን ነገር ይዛ ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ሕክምና ተማረች፣ በ1957 ሐኪም ሆነች። በ1967 ለንደን ውስጥ የከፈተችው ሆስፒስ (ሞታቸው የቀረበ ሰዎች የሚታከሙበት ቤት) ዛሬ የማስታገሻ ሕክምና የምንለው ዘርፍ መነሻ ሆነ። ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዘርፏን ያገኘችው በበጎ ፈቃድ ስትሠራ ባየችው ነገር ነው።

አንቺም ደብተር ያዢ። ትንሽ፣ ኪስ የምትገባ። ስም አትጻፊባት፣ የአልጋ ቁጥርም አትጻፊ። ዛሬ ምን አየሁ፣ ምኑ አልገባኝም፣ ማታ ሳነብ ምን አገኘሁ፤ ሦስት መስመር ይበቃል። ነገ ለሥራ ወይም ለትምህርት ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ «የተሳሳትሽበትን ጊዜ ንገሪን» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይቀርም። አንቺ የወተቱ ታሪክ አለሽ። ሳታሳምሪ፣ ሌላ ሰው ላይም ሳታላክኪ ንገሪያቸው፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደቀየርሽም ጨምሪ። የድጋፍ ደብዳቤም ቢሆን ትልቅ ማዕረግ ካለው ግን ከማያውቅሽ ሰው ይልቅ ለወራት ስትሠሪ ካየችሽ ነርስ ቢጻፍልሽ ይሻላል።

በቀረው እረፍትሽ የልብና ትንፋሽ ማስጀመር ሥልጠና ውሰጂ። ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች መጫን ቀላል ይመስላል፤ በሁለተኛው ደቂቃ ግን ክንድሽ ይዝላል። ያንን በአሻንጉሊቱ ላይ እወቂው። ጊዜ ከተረፈሽ ፋርማሲና ላብራቶሪም አንድ አንድ ቀን ዋዪ፤ ሙያው ሐኪምና ነርስ ብቻ አይደለም።

ሙያው ላንቺ ይሆናል ወይ ላልሽኝ፦ በእኔ ግምት ይሆናል። የሚያስፈራኝ ተማሪ ሌላ ነው፤ ያን ቀን ዝም ብሎ ማታ በሰላም የሚተኛው።

ሰኞ ተመለሺ። ሲስተሯን ሥራ በማይበዛባት ሰዓት ለብቻዋ አግኚያት። «ያለፈው ጥፋቴን አውቄዋለሁ፤ ለምን አደገኛ እንደሆነም አንብቤያለሁ። ከአሁን በኋላ ጠዋት ስገባ የማይቀምሱትን ታካሚዎች ይንገሩኝ፣ የተፈቀደልኝንና ያልተፈቀደልኝንም ለይተው ያሳዩኝ» በያት። ከዚያ በላይ ይቅርታ አታብዢ።

የአባባ ቀዶ ሕክምና ገና ነው። ከዚያ በፊት አልጋቸው ጋ ሄደሽ «ሳልጠይቅ ስለሰጠሁዎት ነው የተላለፈብዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በያቸው፤ ልጃቸውም ይስማ። ቀኑ ሲደርስ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገፋቸው ሰው አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል። ሲወጡ አፋቸው ደርቆ ይሆናል፣ መጠጥም ይጠይቁሽ ይሆናል። ሲስተሯን «መቼ ነው መጠጣት የሚችሉት? ምን?» ብለሽ ጠይቂ። መጀመሪያ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብ ብቻ ሊፈቀድልሽ ይችላል፤ ከዚያ ጥቂት ውኃ። ስትፈቅድልሽ አልጋውን ከራስጌው ከፍ አድርጊና ብርጭቆውን አንቺ ያዢላቸው።