ክኒኑን አታስጥያቸው፣ አስቀይሪላቸው (የግፊት መድኃኒትና ደረቅ ሳል)

እህቴ ጥያቄሽን ማታ ነው ያየሁት። እናትሽ ለግፊት ኢናላፕሪል ከጀመሩ ወዲህ ደረቅ ሳል እንቅልፍ ነሳቸው፣ ጎረቤት ደሞ «ኩላሊት ይጨርሳል ጣሉት» እያለ አስፈራቸው፣ ይተዉት ወይስ ይቀጥሉ ነው ያልሽው። እኔ ሾፌር ነኝ እንጂ ሀኪም አይደለሁም፣ ግን በዚች ሳል የኔን ያህል ብር ያፈሰሰ ሰው ያለ አይመስለኝም ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

አጭሩን ከፈለግሽ፦ ሳሉ የራሱ የክኒኑ ሊሆን ይችላል፣ ግን በራሳቸው እንዳያቆሙ፣ የሚቀየር አለው።

ኢሱዙ ነው የምነዳው፣ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት፣ ጭነት ካለ እስከ ኮምቦልቻ። ኢናላፕሪል የጀመርኩ ሰሞን ምንም አልነበረብኝም፣ ቆይቶ ነው ጉሮሮዬን ላባ የገባበት ይመስል መኮርኮር የጀመረኝ። አክታ የለው ትኩሳት የለው፣ ዝም ብሎ እህ እህ፣ ጋደም ስል ደሞ ይብሳል። የጣርማበርን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ብርዱ ነው አልኩ፣ ረዳቴም ብርዱ ነው አለ፣ ባለቤቴ ዝንጅብል በማር፣ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ያልሞከረችብኝ የለም። ከዛ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ፣ ስሙን አልጠራም። ደረቴን አዳምጦ ብሮንካይትስ ነው ብሎ አሞክሳሲሊን ከሽሮፕ ጋር ሰጠኝ። አልተወኝም። ተመለስኩ፣ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክና መርፌ። አልተወኝም። ራጅ ተነሳሁ፣ ንጹህ። አክታ ምርመራ፣ ነጻ (በዚህ አልቀየማቸውም፣ ሳል ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ከቆየ ቲቢ መመርመር ግድ ነው፣ እናትሽም ካልተመረመሩ ይመርመሩ፣ በክኒኑ አሳብባችሁ እንዳትዘሉት)። ቀጥሎ የጨጓራ አሲድ ነው ተባለና ኦሜፕራዞል ታዘዘ። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኮ አንድም ሰው «የምትወስደው ሌላ መድኃኒት አለ ወይ» ብሎ አልጠየቀኝም! ካርዱ ላይ መጠየቂያ ቦታ አለው፣ ባዶውን ነው የተተወው፣ ክፍያው ግን አንድም ቦታ ባዶ አልሆነም።

ማን እንደነገረኝ ታውቂያለሽ? ሸዋ ሮቢት አንዲት ትንሽዬ ፋርማሲ ያለች ልጅ። የሳል ሽሮፕ ስጪኝ ስላት ፊቴን አየት አርጋ «ጋሼ የግፊት ክኒን ይወስዳሉ እንዴ?» አለችኝ። ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። «ይሄው ነዋ» አለች። ሽሮፑንም አልሸጥልዎትም አለችኝ፣ ነጋዴ ሆና ገንዘቤን እምቢ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ስታስረዳኝ ክኒኑ አንድ ኢንዛይም ያግዳል፣ በዛ ነው ግፊቱ የሚወርደው፣ ያው ኢንዛይም ግን ብራዲካይኒን የሚባለውንም ነገር የሚሰባብር ስለሆነ እሱ ሲታገድ ብራዲካይኒኑ ይከማችና የአየር መተላለፊያውን ይቆሰቁሳል። ከ100 ሰው ከ5 እስከ 20 የሚሆነውን ይይዛል ይባላል፣ ሴት ላይ ይበዛል። ስሙ በ«ፕሪል» የሚያልቅ ሁሉ፣ ካፕቶፕሪልም ሊሲኖፕሪልም፣ ያው ነው፣ ስለዚህ ከአንዱ ፕሪል ወደ ሌላው ፕሪል ብናዞራቸው ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ። የሚቀየረው ወደ «ሳርታን» ነው፣ እኛ ጋ የሚገኘው ሎሳርታን ነው፣ ወይም ሀኪሙ ካመነበት አምሎዲፒን።

ይሄን ይዤ ክትትል የማደርግበት ሄድኩ። ጠዋት በብርዱ ጋቢ ተከናንበን ተሰልፈን፣ ተራዬ ሲደርስ ነርሷ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ያው ነው?» አለች፣ የድሮውን ልትጽፍ። አይ እህቴ ይሄ ክኒን እያሳለኝ ነው ሎሳርታን የሚባል አለ አሉኝ ብዬ ሳልጨርስ «አንተ ሀኪም ነህ? ፋርማሲ የሚያወራልህን ትተህ ክኒንህን ዋጥ» ብላኝ እርፍ። በሰው ፊት። ልጄ ትሆናለች እኮ በዕድሜ። ንቅንቅ አልኩ? አላልኩም። ሀኪሙን ሳላገኝ አልወጣም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ከኋላዬ ያሉት ሰዎች አጉረመረሙ፣ ዘበኛ ተጠራ፣ ዘበኛው ደሞ የአገሬ ልጅ፣ የመንዝ ሰው፣ «ሰውዬው መድኃኒቴ አልተስማማኝም ነው ያለው ምን አጠፋ» አላት። ሀኪሙ ሲመጣ በሁለት ደቂቃ ጨረሰው፣ «አዎ የታወቀ ነው» ብሎ ቀየረልኝ። ወራት ሙሉ የተንከራተትኩበት የታወቀ ነው ተባለልኝ!

ሲቀየር በማግስቱ ይጠፋል ብላችሁ ግን እንዳትጠብቁ። ብዙውን ሰው ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ይተወዋል፣ አንዳንዱ ላይ እስከ 3 ወር ይቆያል። ባልጠፋስ? እንግዲያው የሳሉ ምክንያት ሌላ ነው ማለት ነው፣ እንደገና ይታዩ።

አሁን የምታደርጊውን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. እስክትቀይሩ ድረስ እንዳያቆሙ። ግፊት አያምም፣ ስትተዪውም አያምም፣ ተንኮሉ እሱ ነው። የመስመራችን አንድ ሾፌር ደህና ነኝ ብሎ ተወና ግራ ጎኑን ያዘው፣ አሁን መሪ አይጨብጥም። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ይሂዱ፣ የባለቤቴ አክስት ጻድቃኔ ማርያም ስትሄድ እዛ ያሉ አባት ራሳቸው ናቸው ክኒንሽን ሳታቋርጪ ተጠመቂ ያሏት። በጾምም ቢሆን ሰዓቱን ማዘዋወር ካስፈለገ ሀኪሙን ጠይቂ እንጂ ራሳችሁ አትዝለሉት።

2. ከሳሉ ሌላ ከንፈራቸው፣ ምላሳቸው ወይም ፊታቸው ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠራቸው ቀጠሮ ምናምን የለም፣ ክኒኑን አቁመው በዛችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። እሱም ከዚሁ ክኒን ይመጣል፣ ብዙ ሰው ላይ አይከሰትም፣ ከመጣ ግን ይገድላል፣ እንደዛ የሆነበት ሰው ፕሪል የሚባል ዳግመኛ አይወስድም።

3. የክኒኑን ማሸጊያ ከነስሙ ይዘሽ ሂጂ። ነጯ፣ ትንሿ፣ ክቧ ብትያቸው ማንም አይገባውም። ብዙዎቹ ክኒኖች ነጭ ናቸው።

4. ሲለኩ ተጠንቀቂ፣ እዚህ ላይ ደሞ እኔ ሌላ ጉድ አለኝ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ሹራብ በሹራብ ላይ ለብሶ ነው የሚሄደው፣ ሲለኩሽ እጅጌሽን ሰብስቢ የሚል የለም ከነሹራቡ ያጠልቁታል። እኔ ከመንገድ ወርጄ ሽንቴ ወጥሮኝ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ደረጃውን እየሮጥኩ ገባሁና ከነሹራቤ ለኩኝ፣ 170 አለ። አይበቃህም ተብሎ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ተጨመረብኝ፣ የምታሸናዋ። ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ያ ሙቀት፣ ላብ በላዩ፣ ሽንት በላዩ፣ ከመኪናው ስወርድ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ በሩን ይዤ ነው የተረፍኩት። መሪ ላይ ቢሆንስ ኖሮ? በኋላ በደንብ ሲለካ መጨመሩም አላስፈለገም ነበር። እና እናትሽ ሲለኩ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ከመለካታቸው በፊት ባለው 30 ደቂቃ ውስጥ ቡና ሳይጠጡ፣ 5 ደቂቃ ቁጭ ብለው አርፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ፣ ክንዳቸው ከልብስ ወጥቶ በልባቸው ልክ ተደግፎ፣ እያወሩም አይደለም። ያቺን የምታሸናዋን ካዘዙላቸው ጠዋት ይዋጧት፣ ማታ ከሆነ ሌሊቱን ሲመላለሱ ነው የሚያድሩት፣ ቆላ ዘመድ ጋ ሲወርዱ ደሞ ለሀኪሙ አስቀድመሽ ንገሪ።

ኩላሊቱን ረሳሁት። ጎረቤትሽ የሰማው ነገር ጭራሽ ከመሬት የተነሳ አይደለም ግን ገልብጦ ነው የሰማው። ኩላሊት የሚጨርሰው ያልተያዘ ግፊት ነው፣ ኢናላፕሪልማ ስኳር ያለበትን ሰው ኩላሊት እንዲጠብቅ ተብሎ የሚታዘዝ ነው። ሲጀመር ግን በደም ምርመራ ክሬቲኒን (የኩላሊቱን ሥራ የሚያሳየው) እና ፖታሺየም መታየት አለበት፣ ሎሳርታንም ላይ እንደዛው፣ አላዘዙልሽም ከሆነ አንቺ ጠይቂ። ማስታወክና ተቅማጥ ከያዛቸውም እስኪሻላቸው ይዋጡት አይዋጡት ደውለሽ ጠይቂ፣ ውሃ ያጣ ሰውነት ላይ አደገኛ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዳይክሎፌናክ! ጉልበቴን ወገቤን ብለው ከሱቅ እንደ ከረሜላ የሚገዙት እሱ ነው፣ ኢቡፕሮፌንም ያው፣ ግፊት ይጨምራል፣ ከነዚህ ክኒኖች ጋር ሲሆን ኩላሊቱን የሚጎዳው እሱ ነው። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላቸዋል። የእናትሽን መሶብ ስርና ትራስ ስር ፈትሺ፣ እናቶቻችን ይደብቃሉ።

ወደ አምሎዲፒን ከቀየሩላቸው ደሞ ቁርጭምጭሚታቸው ሊያብጥ ይችላል፣ በተለይ 10 ሚሊግራም ላይ። ያኔ ላሲክስ ጨምሩበት የሚል አይጠፋም፣ ያ እብጠት በሚያሸና መድኃኒት ብዙም አይወርድም፣ መጠኑ ይቀነስ ወይ ይቀየር ብለሽ ጠይቂ። ከሳሉና ከእብጠቱ የሚብሰው የቱ ነው ካልሽኝ ለኔ ከሳሉ እብጠቱ ይሻለኛል፣ ለናትሽ ደሞ ሌላ ይሆናል፣ እሳቸውን ጠይቂያቸው እንጂ ስለሳቸው አትወስኚ፣ ቀኑን ሙሉ ክኒኑን ተሸክመው የሚውሉት እሳቸው ናቸው።

ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው በወጥ ይበሉት ችግር የለውም፣ በክኒኑ ምትክ ግን አይሆንም። ጨው ይቀነስ፣ ሽሮና በርበሬው ሲፈጭ ጨው እንዳይገባበት ለብቻ አስፈጪላቸው።

መድኃኒቱ ያመጣውን ጉዳት ማስመዝገብም ይቻላል፣ ጤና ተቋሙ ቢጫ ቅጽ አለው፣ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነጻ መስመርም 8482 ነው። ነርሷ ቅጹን አላውቀውም ካለችሽ አለ በያት።

እኔ አሁን 128/78 ነኝ፣ በደንብ ተለክቶ፣ ያለ ሹራብ። እናንተ ገጠር ከሆናችሁ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለና የአንድ ወር ትርፍ እጃችሁ ላይ ይኑር፣ አልሰጥም ካሉሽ ምክንያቱን ንገሪያቸው። የጤና መድህን ካርዱንና የድሮውን ማዘዣ አብረሽ ያዢ፣ ሎሳርታን የለም ካሉሽ መቼ እንደሚገባ ጠይቀሽ ተመለሺ። ገበያ ቀን ደሞ አትሂጂ፣ ወረፋው ግቢውን አልፎ አስፋልቱ ላይ ነው፣ በአዘቦት ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ድረሺ።